ማረፊያው የት ነው? ለብስክሌት ጉዞ አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ባለፈው ግንቦት በባሕር ዳር የብስክሌት ጉዞ ላዘጋጃችሁ፣ የሚቀጥለውን ለምታስቡ፣ እንዲሁም አብራችሁኝ ፀሐይ ለመታችሁ በጎ ፈቃደኞች በሙሉ።

ጉዳዩ፦ ስለ ማረፊያው ውሃ

ጤና ይስጥልኝ። ስማችሁን አልጠራም፤ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የምጽፈው ክስ አይደለም። ክስ ቢሆን ኖሮ ቢሯችሁ መጥቼ፣ ወንበር ስቤ ተቀምጬ እናገር ነበር። በግልጽ የጻፍኩት ይሄ የብስክሌት ጉዞ በየከተማው እየበዛ ስለመጣ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ መንገዷን እሑድ ከመኪና ማስለቀቅ ከጀመረች ወዲህ ብዙ ከተማ ነገሩን ወዶታል። ግንቦት 26 ደግሞ የዓለም የብስክሌት ቀን ነው፤ ቀኑ በደረሰ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ አንድ ጉዞ አይጠፋም። እኛ የሠራነውን ስህተት ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

እኔ በዚያ ቀን ከአባይ ማዶ አልፎ፣ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ዳር በተተከለው ማረፊያ ከነበሩት ስምንት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ። ዕድሜዬ አምሳን አልፏል። ብስክሌት መንዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። ግን ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ከልቡ አይወጣም። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔን ከኋላ፣ ታናሽ ወንድሜን ከፊት ብረቱ ላይ ያስቀምጠንና ትምህርት ቤት አድርሶን ወደ ፈረቃው ይበር ነበር። ያኔ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይሞላል። የሚቆመው መኪናው ነበር። አሁን ባጃጁ በዝቶ ብስክሌተኛው ጥጉን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ልጄ «እማ፣ ለብስክሌት ጉዞ በጎ ፈቃደኛ እየፈለጉ ነው፤ ትመጫለሽ?» ስትለኝ ሁለተኛ አላስጠየቅኋትም።

ሥራው ሲነገረን ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ድንኳን፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ውሃ፣ ሙዝ። ብስክሌተኛው ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ስንት ሰርግና ስንት ተዝካር ላይ ቆሜ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ምን ያቅተኛል አልኩ። ለካ አይገናኝም። ሰርግ ላይ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፤ ስንት እንደሆነ በዓይንህ ታያለህ። እዚህ ሰው የሚመጣው መጀመሪያ እንደ ጠብታ ነው። ከዚያ እንደ ጎርፍ። ከዚያ እንደገና እንደ ጠብታ። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፉኝ የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ሰዓቱ ላውራ፤ ሁሉም ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ፕሮግራሙ ላይ መነሻው ከጠዋቱ 12፡30 ይላል። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ፣ ከተማውን ዞሮ፣ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ እኛ። እኛ ያለነው 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ማረፊያችን የሚዘጋው 3፡30 መሆኑ በወረቀት ተሰጥቶናል። 12፡30 ቢነሱ ኖሮ ሦስት ሰዓት ሙሉ አላቸው ማለት ነው። በቂ ነበር። ነገር ግን ንግግር ነበረ። ከንግግሩ በፊት ደግሞ ተናጋሪው ይጠበቅ ነበር። ከንግግሩ በኋላ የባነር ፎቶ። መነሻው 1፡40 ሆነ።

ይሁን። «የሀበሻ ቀጠሮ» ብለን እንስቃለን፤ አዲስ ነገር አይደለም። የማያስቀው ሌላ ነው። መነሻው ወደፊት ሲገፋ መዝጊያው አልተገፋም። 3፡30 እንዳለ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ወደ ማረፊያው የደወለ የለም። ዕቃችንን ለሚጭነው ፒክአፕ ሾፌርም የደወለለት የለም።

እስቲ አብረን እናስላ። ጎበዝ ብስክሌተኛ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየበረረ 14 ኪሎ ሜትሩን በ35 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ማርሽ በሌለው የኪራይ ብስክሌት የመጣች ልጅ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ብትሄድ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያስፈልጋታል። ያውም ሳትቆም። ሰው ደግሞ ይቆማል። ጎማ ይተነፍሳል፤ ሰንሰለት ይወልቃል። ድልድዩም አለ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ፎቶ ሳይነሳበት ያለፈ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ ይሄን ሁሉ ደምሩት። በ1፡40 የተነሳ ዘገምተኛ እኛ ጋ የሚደርሰው 4 ሰዓት አካባቢ ነው። እኛ 3፡30 ላይ ዝጉ ተብለናል። በንግግር የጠፋውን 70 ደቂቃ ከመሀላቸው አንድም ፈጣን አልከፈለውም። የከፈሉት ከኋላ ያሉት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ 2፡15 ላይ ደረሱ። ጠባብ ልብስ የለበሱ፣ ሄልሜት ያደረጉ፣ የሚያምሩ ልጆች። እጅ በእጅ ሃይላንድ እያነሱ አንዱን ጠጡ፣ አንዱን አናታቸው ላይ አፈሰሱ። አልፈርድባቸውም። «አንድ አንድ» ያላቸው ሰው የለም። እንዲያውም እኔ ራሴ «ውሰዱ ልጆቼ፣ ውሰዱ» እያልኩ ሳቀብል ነበር። እንግዳ ሲመጣ እጅ መሰብሰብ አላደግንበትም። ጥፋቱ እዚህ ላይ የእኔም ነው።

የተሰጠን ውሃ 20 እሽግ ነው፤ እያንዳንዱ እሽግ 12 ባለ ግማሽ ሊትር። ባጠቃላይ 240። የተመዘገበው 200 ሰው ነው ተብለናል፤ በዚያ ሒሳብ ለሁሉም ደርሶ 40 ይተርፋል። በወረቀት ልክ ነው። ግን በዚያ ሙቀት ፔዳል የሚመታ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይጠጣል። እኛ ጋ የሚደርሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ብዙው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ላቡን አፍስሶ ነው። የሚመለስበትም መንገድ ይቀረዋል። በዚህ ላይ ሳይመዘገብ የመጣ አለ። ልጄ ደብተር ይዛ እየሰረዘች ስትቆጥር ነበር፤ መጨረሻ ላይ 262 ሆኑ። ሃይላንዱ 3 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያዳነን ሁለት ቢጫ ጀሪካን ነው። ከመሀላችን አንደኛዋ ነርስ ናት፤ «ለማንኛውም» ብላ ውሃ አጋር ጨምራበት ከቤቷ ይዛ መጥታለች። ምን ያህል እንደመረቅኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ኩባያ ግን አልነበረንም። ባዶ የተጣሉትን ሃይላንዶች እየለቃቀምን፣ እያጠብን መሙላት ጀመርን። ውሃ ለማዳን ውሃ ማባከን ማለት ይሄ ነው።

አሁን ትንሽ ስለ ደስታውም ላውራ፤ አለበለዚያ ሰውየው ሁሉ «ምን አስሄደሽ ታዲያ» ይለኛል።

በሶው ነበረ። እሑድ ጠዋት መሆኑን አስቡት። ብዙው ሰው ቁርስ ሳይቀምስ ነው የወጣው። ሙዙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሙዝ በልቶ ገና ብዙ ኪሎ ሜትር የሚቀረው ሰው ሆዱ ይጮሃል። እኔና ጎረቤቴ ማታውን በሶ በዘይትና በስኳር አሽተን፣ ጭብጦ ጭብጦ እያደረግን አንድ ትሪ ሙሉ ይዘን ሄድን። ድሮም የመንገደኛ ስንቅ በሶ ነው። አይበላሽም፤ አይቀልጥም፤ ጿሚውም ይበላዋል፣ የማይጾመውም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ጠባብ ልብስ ከለበሱት አንዱ በላስቲክ የታሸገ የውጭ ጣፋጭ ከኪሱ አውጥቶ ነበር። በሶውን ሲያይ መልሶ ከተተው።

በዚህ ላይ ጎረቤቴ አለች። ሰው ማብላት በሽታዋ ነው። «በሞቴ አንድ ብቻ»፣ «በሞቴ ይቺን»፣ «ካልበላህ ተቀየምኩ»። አንድ ልጅ አራት ጭብጦ በልቶ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ጨምሮበት ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ሆዱን ይዞ ወረደ። ጥላ ሥር ሃያ ደቂቃ ተጋደመ። እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ «ምነው የኔ ልጅ፣ ምግቡ አልተስማማህም እንዴ?» ስትለው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ብስክሌተኛን በሞቴ አትበሉት።

ሌላም አለ። ልጆቹ «ስንት ቀረን?» ይላሉ። እኛ ደግሞ «እዚችው ናት! ደርሳችኋል!» እንላለን። ገጠር መንገድ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው «እዚችው ናት» ምን ያህል እንደሆነች ያውቃታል። ግማሽ ቀን ልታስኬድ ትችላለች። መልካም አስበን ነው፤ ግን ደክሞት ለቆመ ሰው ውሸት ነው። አንዱ ወጣት ተናዶ «እማማ፣ ቁጥር ንገሪኝ» አለኝ። አላውቀውም። ማናችንም አናውቀውም ነበር። ለካ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት አልተሰጠንም። ለሚቀጥለው፣ ካርቶን ላይ በትልቁ «መዞሪያው ድረስ ይህን ያህል፣ መጨረሻው ድረስ ይህን ያህል» ብላችሁ ጽፋችሁ ስጡን። ዳገት ካለም ዳገት አለ በሉ። ሰው እውነቱን ሲያውቅ ጉልበቱን ይመጥናል።

የቀኑ ጀግና ግን ጎሚስታው ልጅ ነው። ከሰፈራችን ነው፤ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። መንፊያውን፣ ማስቲሹን፣ ቁርጥራጭ ጎማዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ድንኳኑ ሥር ቦታ አልተሰጠውም፤ ጥላ የሌለበት ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ሰዓት ዞር ብሎ ያየው የለም። ከዚያ አንዱ ጎማው ተነፈሰ፤ የሌላው ፍሬን ላላ፤ የኪራዮቹ ብስክሌቶች ሰንሰለት ተራ በተራ መውለቅ ጀመረ። ወረፋው ከውሃው ወረፋ በለጠ። 19 ብስክሌት ሠራ። ሲጨርስ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። ሳሙና የለም። «ማዘር፣ ግዴለም፣ በአሸዋ ይለቃል» አለኝ።

ይሄ ልጅ በጎ ፈቃደኛ ተብሎ ነው የመጣው። እኛም በጎ ፈቃደኞች ነን። ግን እኔ የዚያን እሑድ ቀርቼ ብሆን ከኪሴ የሚጎድል የለም። የእሱ እሑድ የሳምንቱ ትልቁ ገበያው ነው። ማስቲሹንም በገንዘቡ ነው የገዛው። በባነሩ ወጪ የአምስት እንደሱ ያለ ልጅ የቀን ሒሳብ ይሸፈን ነበር፤ ባነሩን ያየሁት ስለሆነ ነው የምናገረው፤ ከድንኳናችን ይበልጣል። እባካችሁ ለሙያተኛ ክፈሉ። አልከፍልም ካላችሁም ቢያንስ የዕቃውን መልሱለት፤ ጥላም ስጡት።

አሁን ወደዚያችው ሰዓት ልመለስ።

3፡45 ላይ ፒክአፑ መጣ። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ እሱን አልወቅስም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ሰዓት አሳልፎ ነው የመጣው፤ ሌላ ጭነትም ይጠብቀዋል። «ገና ሰው አለ» አልነው። ወደ አዘጋጆቹ ደወለ። ከወዲያ በኩል «አብዛኛው አልፏል፤ ጫኑ» የሚል መልስ መጣ። ስልኩ ድምፁ ስለተከፈተ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

አብዛኛው አልፏል። እውነት ነው፤ በልጄ ደብተር 231 አልፈዋል። ጠረጴዛው ተጫነ። ድንኳኑ ተነቀለ። የተረፈው ሙዝ እንኳን ከነካርቶኑ ሄደ። ከስምንታችን አምስቱ በዚያው መኪና ተመለሱ፤ ቤተሰብ አላቸው፤ ፀሐዩም ከብዷል። እኔ፣ ልጄና ጎሚስታው ቀረን። ለምን እንደቀረን እኔም እንጃ። ነርሷ ጀሪካኖቿን ትታልን ሄዳለች፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው።

አሥር ደቂቃ እንኳን አልሞላም። አንዲት ልጅ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ ቀልቷል። የኪራይ ብስክሌት ነው፤ ሰንሰለቱ ወልቆ መሬት ይጠርጋል። የጉዞውን ቲሸርት ለብሳለች፤ ትልቅ ስለሆነባት ጉልበቷ ላይ ደርሷል። እኛ ጋ ቆመችና ግራ ቀኝ አየች።

«እትዬ፣ ማረፊያው የት ነው?» አለችኝ።

«እዚሁ ነበር» አልኳት።

ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ዓይኔ ውሃ የሞላው። ከኋላዋ ጓደኛዋ ናት። ከእሷ ኋላ አንድ አባት ከዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁ ጋር፤ ልጅቷ የራሷን ትንሽ ብስክሌት ነው የምትነዳው፤ 14 ኪሎ ሜትር በዚያች ጎማ! ከዚያ ኮታቸውን ያላወለቁ አንድ ሽማግሌ፣ ከእኔ አባት ብስክሌት ጋር በሚመሳሰል ጥቁር ብስክሌት። ከዚያ ሌሎች። ልጄ ደብተሩን አልዘጋችም ነበር። 31 ሆኑ።

ከመንገዱ ማዶ በላስቲክ ጎጆ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ጠዋቱን ሙሉ እኛ በነጻ ስናድል ገበያዋ ቀዝቅዞ ነው የዋለው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ልጄን «ሂጂ ውሃ ለምኚልኝ» አልኳት። ሴትዮዋ ልጄን ትታ ራሷ ተነስታ መጣች። ጀሪካኖቼን አየች፤ ልጆቹን አየች። ተመልሳ ሄደች። ለሻይ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን በማንቆርቆሪያ፣ የቀረውን በሁለት ጀሪካን አምጥታ አስቀመጠች። ውሃውን ከሩቅ በገንዘብ ነው የምታስቀዳው። ያ የእሷ የሰኞ ሻይ ነው።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስኳርና ጨው ጨመርን። ነርሷ ጠዋት ነግራኝ ነበር፤ ለአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቀይ ሆና የመጣችው ልጅ ጥላው ሥር ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ጠጣች። ጎሚስታው ሰንሰለቷን መለሰላት። ሽማግሌው «ልጆቹ ይቅደሙ» ብለው ሳይጠጡ ቆመው ቆዩ። ትንሿ ልጅ ግን የጎረቤቴን በሶ ጠየቀች፤ ከፊት ያለፉ ልጆች ነግረዋት ነው። ትሪው ባዶ ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ነገር ይሄ ነው፤ ብዙ አይደለም።

ማረፊያውን በሰዓት አትዝጉት፤ በሰው ዝጉት። የመጨረሻው ሰው ሳያልፍ ድንኳኑ አይነቀል። የመጨረሻው ማን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን ትሉኛላችሁ። በትልልቆቹ ውድድሮች ከሁሉም ኋላ የምትሄድ መኪና አለች፤ ፈረንሳዮቹ «መጥረጊያ መኪና» ይሏታል። ስሙን አልወደድኩትም፤ ሰው አይጠረግም። እኛ ግን እረኛ እናውቃለን። እረኛ የሚሄደው ከከብቱ ኋላ ነው፤ ያነከሰችዋን የሚያየው ከኋላ ሲሆን ነው። ሁለት ታጋሽ ልጆች ብስክሌትና ስልክ ስጧቸውና «ከእናንተ ኋላ ሰው አይኑር» በሏቸው። እነሱ ማረፊያው ሲደርሱ ያን ጊዜ ይዘጋ። መነሻው በአንድ ሰዓት ከገፋም እነሱ ስላሉ ማንም መደወል አያስፈልገውም።

ውሃውን ደግሞ ሲመጣ ከሦስት ክፈሉት። አንዱን እጅ ጠረጴዛ ሥር አስገብታችሁ ሸራ አልብሱት። ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማስተማር አያስፈልገውም። የትኛዋ ባለ ድግስ ናት ለዘገየ እንግዳ ወጥ ሳታስቀር ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ የምታወጣ? እኔ ያን ቀን የረሳሁት ይሄን ነው። ሰርግ ላይ አልረሳውም ነበር።

ሃይላንዱም ይቅር። ቧንቧ ያለው በርሜል ወይም ጀሪካን፣ ውሃ አጋር፣ ሰው የራሱን ኮዳ ይዞ ይምጣ። ያን ዕለት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። የእኛ ሃይላንዶች አባይ ላይ ተንሳፍፈው ይሄዳሉ። እኛው ሰጥተን፣ እኛው ለወንዙ። ስለ ንጹሕ አየር በተደረገ ንግግር ማግስት እንኳን አይደለም፤ በዚያው ቀን ነው።

ስለ መጸዳጃ ቤትም መናገር አለብኝ፤ ማንም አይናገረውም። ወንዶቹ ዛፍ አላቸው። ሴቶቹስ? አምስት ልጆች ተራ በተራ ጆሮዬ ላይ መጥተው ሹክ አሉኝ። አንዷ ነገሩን ፈርታ ውሃ አልጠጣም አለች፤ በዚያ ሙቀት! በመጨረሻ አንድ ደግ ቤተሰብ በሩን ከፈተልን። ማረፊያ ስትመርጡ ዛፍ ብቻ አትፈልጉ። አጠገቡ የሚከፈት በር ያለበትን ምረጡ፤ ትምህርት ቤትም ሆነ የሰው ግቢ፣ ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሳሙናም ላኩ።

ንግግሩ ይቅር አላልኩም። መጨረሻው ላይ ይሁን። ያኔ ሁሉም ተቀምጦ፣ ጠጥቶ፣ ጥላ ይዞ ይሰማል። ተናጋሪውም ቢዘገይ የሚቃጠል ሰው የለም።

ምናልባት «ከኋላ የቀረ ሰው ይለማመድ እንጂ» የሚል ይኖራል። ሰምቻለሁም። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲነዳ ሁላችንም ኮርተናል። እዚያ የሰዓት ገደብ አለ፤ ያለፈበት ከውድድሩ ይወጣል። ተገቢ ነው፤ ውድድር ነዋ። የእኛው ማስታወቂያ ላይ ግን በትልቁ የተጻፈው «ለሁሉም» የሚል ነው። ውድድር አላላችሁንም። ደግሞስ በዚያ ቀን አዲስ ሰው ማን ነበር? ጠባብ ልብስ የለበሱት ጉዞው ኖረም አልኖረም እሑድ እሑድ ይነዳሉ። በእናንተ ጥሪ ብስክሌት ተከራይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ የወጣችው ያች ልጅ ናት።

ለሚቀጥለው ጉዞ ስሜን አስመዝግባለሁ። ጎረቤቴም ትመጣለች፤ በሞቴ እንዳትል አስጠንቅቄያታለሁ፤ ማሰሯን ግን እጠራጠራለሁ። በሶው በዚህኛው ሁለት ትሪ ይሆናል፤ አንዱ ትሪ እስከ 4 ሰዓት አይከፈትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የሻይ ሻጯን ውሃ ሳልመልስ ማደር አልሆንልህ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ጀሪካን አስቀድቼ በባጃጅ ወሰድኩላት። አንዱን ተቀበለችኝ። ሁለተኛውን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ይሄን ካንቺ አልቀበልም፤ አንቺማ ከእኔ ጋር ስትቀጂ ነበር» አለችኝ። «የጠሯቸው ሰዎች ያምጡት።»

ጀሪካኑ እኔ ቤት ነው። ሞልቷል። መቼ ትወስዱላታላችሁ?

ከአክብሮት ጋር፣
ከማረፊያው በጎ ፈቃደኞች አንዷ
ባሕር ዳር